ከዘይቱ በፊት ውሃው

ስለ እንጨት መክተፊያ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። «ምን ዘይት ልቀባው?» እኔ ደግሞ መልሼ «ካጠብከው በኋላ እንዴት ነው የምታስቀምጠው?» እላለሁ። ሰው በዚህ ቅር ይለዋል። የዘይት ስም ፈልጎ መጥቶ ስለ ዕቃ አጠባቡ ምርመራ ሲከፈትበት ደስ አይልም፣ አይፈረድበትም። ግን በእጄ ያለፉትን የተሰነጠቁ፣ የተጣመሙና የጠቆሩ መክተፊያዎች ሳስባቸው፣ ዘይት በማጣት ብቻ የሞተ አንድም ትዝ አይለኝም። የገደላቸው ውሃ ነው። ውሃ ነካቸው ማለቴ አይደለም፤ መክተፊያ ውሃ ሊነካው ነው የተሠራው። ችግሩ ውሃው በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ሳይወጣ መቅረቱ ነው።

እንጨት ሥራ መተዳደሪያዬ አይደለም፣ የእረፍት ቀኔን የሚበላ ሱስ ነው። ወዳጅ ዘመድ ይህን ስለሚያውቅ አሮጌ መክተፊያ ሲበላሽበት «እስቲ ይቺን እያት» ብሎ ጣል አድርጎልኝ ይሄዳል። አብሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ቆንጆ ቆርቆሮ ይመጣል፣ «ልዩ የመክተፊያ ቅባት» የሚል። ውስጡ ምን እንዳለ ዞር አድርጋችሁ ስታነቡት በአብዛኛው ማዕድን ዘይትና የንብ ሰም ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፣ እኔም የምጠቀመው እሱኑ ነው። የሚያናድደኝ ቅባቱን የገዛው ሰው ሥራው ያለቀ መምሰሉ ነው። ቀብቶ ቀብቶ ሲያበቃ መክተፊያውን እርጥቡን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶት ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ዛፍ በነበረበት ጊዜ ግማሽ ሥራው ውሃ ማመላለስ ነበር። ግንዱ ውስጥ ከሥር ወደ ቅጠል የሚሄዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፣ ጥብቅ ተደርጎ እንደታሰረ የገለባ ነዶ ጎን ለጎን የተጠቀጠቁ። ዛፉ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆና ደርቆ መክተፊያ ከሆነ በኋላም ቱቦዎቹ የትም አልሄዱም። በመክተፊያው ፊት በኩል ቱቦዎቹ ተጋድመው ስለሚገኙ ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። የተቆረጡት ጫፎች ላይ ግን የቱቦዎቹ አፍ በቀጥታ ክፍት ነው፤ እዚያ ጋ ውሃ ሲያገኙ ይመጥጡታል። መክተፊያ ሁልጊዜ ስንጥቅ የሚጀምርበት ከጫፉ የሆነውም ለዚሁ ነው። ጫፉ ቶሎ ይርሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መሃሉ ገና እርጥብ ሳለ እሱ መሰብሰብ ይጀምራል፣ ከዚያ ጧ!

እንጨት ሲርስ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው በየአቅጣጫው እኩል አለመሆኑን ነው። እርጥብ እንጨት እስኪደርቅ ድረስ በርዝመቱ የሚቀንሰው ከመቶ 0.1 ወይም 0.2 ያህል ነው፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በወርዱ ግን የዕድሜ ቀለበቱን ዙሪያ ተከትሎ ከ6 እስከ 10 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ከመሃል ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ደግሞ የዚያን ግማሽ ገደማ። እንግዲህ አንድ ሰሌዳ በሁለት አቅጣጫ በተለያየ መጠን የሚተነፍስ ከሆነ፣ ላዩንና ታቹንም በተለያየ ፍጥነት ካደረቅነው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ የምንጠብቀው በምን ምክንያት ነው?

መክተፊያው ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ላዩ አየር አግኝቶ ይደርቃል። ታቹ አየር የለውም፣ ከሥሩም ቀጭን የውሃ ንጣፍ አለ። ላይኛው ፊት ሲኮማተር ታችኛው እንዳበጠ ነው። ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ መሃሉ ይጎደጉዳል። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ተመልሶ ይስተካከላል። በየቀኑ ሲሆን ግን እንጨቱ ቅርጹን እየለመደው ይሄዳል፣ ከዚያ ስትከትፉ ቁጭ ብድግ የሚል፣ ግራ ሲጫኑት ቀኙ የሚነሳ መክተፊያ ይኖራችኋል። ይህ ደግሞ ከማናደድ አልፎ ጣት ያስቆርጣል።

ስለዚህ የእንክብካቤው ዋና ሥራ አሰልቺ ነው። እጠቡት፣ ሁለቱንም ፊት። አንዱን ፊት ብቻ ተጠቅማችሁ እንኳ ሁለቱንም አርሱት፣ እኩል እንዲያብጥ። ወዲያው በጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ከዚያ አየር በሁለቱም ጎን እንዲያገኘው አቁሙት። አቋቋሙም ወግ አለው። የቱቦዎቹ አፍ ባለበት ጫፍ አታቁሙት፤ ከላዩ የሚወርደው ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይጠጣዋል። በረጅሙ ጎኑ፣ ቱቦዎቹ በተጋደሙበት በኩል ይቁም። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረቅም አይመከርም፤ ቶሎ መድረቅ በራሱ ይሰነጥቃል።

ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍማ ጭራሽ አይታሰብም። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም እንደዚያው፤ ሙቅ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይረጨዋል፣ ቀጥሎ ደግሞ በሙቀት ያደርቀዋል። እንጨቱም በኮላ የተያያዘበት መስመርም ይህን ደጋግሞ አይችለውም። ማሽን የበላውን መክተፊያ በአንድ እይታ ነው የምለየው፤ ገርጥቷል፣ ሻክሯል፣ የተጣበቀበት መስመር በጥፍር የሚገባበት ክፍተት አውጥቷል።

«እንጨት ግን ንጹህ ነው ወይ? ፕላስቲክ አይሻልም?» ይህም የማይቀር ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የምግብ ደህንነት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ዲን ክሊቨር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ሥራ እዚህ ላይ ደስ ይለኛል፣ በተለይ አነሳሳቸው። የእንጨት መክተፊያን የማጽጃ ዘዴ ፈልገው የፕላስቲኩን ያህል እንዲሆን ለማድረግ ነበር የተነሱት። እንጨት ቆሻሻ ነው የሚለውን ይዘው ነው የጀመሩት ማለት ነው። ሲሞክሩት ግን እንደ ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ ያሉ ባክቴሪያዎች እንጨቱ ላይ ሲደረጉ ከፈሳሹ ጋር ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ ከዚያ ከላዩ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ለተወሰነ ጊዜ በሕይወት ይገኛሉ፣ ግን አይባዙም፣ ቀስ በቀስ ያልቃሉ። ፕላስቲኩ አዲስ ሳለ ለማጽዳት ቀላል ነበር። ቢላ ቦጫጭሮት ሲያረጅ ግን ባክቴሪያው በጭረቱ ውስጥ ተደብቆ በእጅ እጥበት አልወጣ አለ። እንጨቱ ላይ ደግሞ አዲስም ይሁን በቢላ የተከታተፈ ያን ያህል ልዩነት አልነበረም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው አለማጠብም ይቻላል» የሚል አይጠፋም። አይቻልም። ክሊቨርም አላሉም። ወደ ውስጥ የሚስበው ደረቅ እንጨት ነው፤ ሁሌ እርጥብ ሆኖ የሚውል፣ ላዩ ላይ የቅባትና የቆሻሻ ሽፋን የያዘ መክተፊያ ያንን አይሠራም። ተመልሰን ማድረቁ ላይ መጣን ማለት ነው። ጥሬ ሥጋና ዶሮ የሚቆረጥበት መክተፊያ ለብቻው ቢሆን ይመረጣል፣ ይህ ለፕላስቲኩም ያው ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ከታጠበ በኋላ ማጠናከር ከፈለጋችሁ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና በ4 ሊትር ገደማ ውሃ በጥብጣችሁ ለጥቂት ደቂቃ አርሱበት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። በረኪናና ኮምጣጤ ግን አንድ ላይ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሁለቱን ብደባልቅ ደግሞ እጥፍ» የሚል ሒሳብ እዚህ ቤት አይሠራም።

የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሲይዘው ሻካራ ጨው በትኖ በግማሽ ሎሚ ማሸት ጥሩ ነው። ጨው ይፈገፍጋል፣ የሎሚው ኮምጣጣነት ሽታውን ይቀንሳል። ባክቴሪያ ይገድላል ብላችሁ ግን አትመኑበት።

አሁን ወደ ዘይቱ። ዘይት የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ የቱቦዎቹን አፍና የላይኛውን የእንጨት ሽፋን ስለሚሞላ ፈሳሽ ውሃ በፍጥነት እንዳይገባ ያዘገያል። ያዘገያል ነው ያልኩት። አይዘጋም። በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበትማ ከነጭራሹ አያቆመውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ዘይት የጠገበ መክተፊያም ከወቅቱ ጋር ያብጣል ይኮማተራል። ዘይት የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። ወይን ጠጅ ወይም የቀይ ሥር ፈሳሽ ቢፈስበት ሄዳችሁ ጨርቅ እስክታመጡ ድረስ ላዩ ላይ ይጠብቃችኋል።

ዘይቶቹን እኔ በሦስት ነው የምከፍላቸው። የማይደርቁና የማይበላሹ፣ የሚደርቁ፣ እና መሃል ቤት የቀሩ።

መሃል ቤት የቀሩት የወጥ ቤት ዘይቶች ናቸው። የወይራ፣ የበቆሎና እነሱን የመሳሰሉት። ሰው ለምን እንደሚቀባቸው ይገባኛል፤ እጅ ላይ አሉ፣ ይበላሉ፣ ምን ችግር አለው? ችግሩ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ እያሉ መጋጨታቸው ነው። ጠጣር ሽፋን እስኪሆኑ ድረስ አይደርቁም፣ እንደነበሩም አይቆዩም። ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ይሸታሉ። የከረመ ዘይት ሽታ ያለው መክተፊያ ላይ የተቆረጠ ፍራፍሬ ቀምሳችሁ ታውቁ እንደሆነ እኔ መጨመር አይጠበቅብኝም። አንዴ እንጨቱ ውስጥ ከገባ ደግሞ ለማውጣት ጣጣ ነው፤ ደጋግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ካልሆነም ላዩን መላግ።

የማይደርቀውና የማይበላሸው ማዕድን ዘይት ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ መሆኑን ሲሰሙ ብዙዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ነገር ግን ለምግብ ወይም ለመድኃኒት ደረጃ የተጣራው ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ፋርማሲ ውስጥ ፈሳሽ ፓራፊን እየተባለ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ራሱ ነው። ሰው የሚጠጣው ነገር መክተፊያ ላይ ቢቀባ አያሰጋኝም። የሞተር ወይም የማሽን ዘይት ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ወጥ ቤት አይግባ። የሕፃናት ዘይት የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ማዕድን ዘይት ቢሆንም ሽቶ ተጨምሮበታል።

ማዕድን ዘይት ፈጽሞ ስለማይጠጥር እንጨቱ ውስጥ ፈሳሽ እንደሆነ ይኖራል። ይህ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። ቀን ሲቆጠር ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ላዩ ይደርቃል። መልሶ መቀባት ግድ ነው። ግን መልሶ መቀባቱ እኮ ምንም አይደለም። መፈግፈግ የለ፣ አሮጌውን ማንሳት የለ፤ አፍስሶ ማሸት ብቻ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ለዚሁ ነው።

የሚደርቁት የተልባ፣ የዋልነትና የተንግ (ተንግ ከተባለ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ) ዘይት ናቸው። እነዚህ ኦክስጅን ወስደው እርስ በርሳቸው እየተሳሰሩ እንጨቱ ውስጥ ይጠጥራሉ። ከማዕድን ዘይት ይልቅ ውሃ ይቋቋማሉ፣ ይቆያሉ፣ እንጨቱንም ያሞቁታል፤ የተልባ ዘይት በተለይ ወርቃማ ያደርገዋል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃሉ። ንጹህ የተንግ ዘይት ሙሉ በሙሉ ለመጠጠር ሳምንታት ይፈልጋል፣ አንድ ወር ድረስ መተው የተለመደ ነው። ለውዝ ነክ አለርጂ ያለበት ሰው በሚበላበት ቤት ደግሞ የዋልነት ዘይቱን እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የቆርቆሮው ጽሑፍ ነው። ከቀለም መሸጫ የሚገዛው «የተፈላ የተልባ ዘይት» በአብዛኛው የተፈላ አይደለም፤ ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ውህዶች ተጨምረውበታል። ለበር ይሁን፣ ለመክተፊያ ግን ምንም ያልተጨመረበትን ፈልጉ። «የተንግ ዘይት ማጠናቀቂያ» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ቫርኒሽና ማቅጠኛ ሆኖ ተንጉ ለስም ያህል ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ጭራሹኑ የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጨርቁ ነው፣ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሚደርቅ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። መክተፊያው ላይ ሙቀቱ ለአየሩ ይበተናል። ተጨብጦ ማዕዘን ላይ የተወረወረ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ የለውም፤ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይፈጥናል፣ በመጨረሻ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለ 38 ፎቅ ሕንጻ በእሳት የተያያዘው፣ 22ኛ ፎቅ ላይ እንጨት ሲያጸዱ የነበሩ ሠራተኞች በተዉት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እሳቱ ፎቅ በፎቅ እየበላ ወጥቶ የቆመው 30ኛው ፎቅ ላይ ነው፣ እዚያ የራስ ሰር ውሃ መርጫ ስለነበረ። እንግዲህ የተልባ፣ የተንግ ወይም የዋልነት ዘይት የነካውን ጨርቅ ደጅ ላይ ነጠላውን ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ወይ ውሃ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት። ከማዕድን ዘይት ጋር ይህ ጣጣ የለም፣ ስለማይደርቅ።

ቫርኒሽና ላከርስ? ለመክተፊያ አልወዳቸውም። ላዩ ላይ ጠጣር ፊልም ሠርተው ያብረቀርቃሉ፣ ገዢም በዚያ ይማረካል። ቢላ ሲያርፍበት ግን ፊልሙ ይሰነጠራል። በስንጥሩ ውሃ ይገባል፣ ከሥሩ ይቀራል፣ ሽፋኑ ይላጣል፣ የተላጠው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ለማቅረቢያ ብቻ ለሆነ፣ ቢላ ለማያየው ሰሌዳ ችግር የለውም። ለሚከተፍበት ግን የሚታደስ ለስላሳ ሽፋን ከማይታደስ ጠንካራ ሽፋን ይበልጥብኛል።

አሮጌ መክተፊያ ሳድስ የምሄድበት መንገድ ይኸው። መጀመሪያ በደንብ ይታጠብና ቀናት ወስዶ ይድረቅ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፤ በቁጥር 80 (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ሻካራ ነው) የቢላውን ጭረት አወርዳለሁ፣ ቀጥሎ 120፣ ከዚያ 180፣ በመጨረሻ 220። ሁልጊዜ የእንጨቱን ክር ተከትሎ ነው፤ ተሻግራችሁ ከፈገፈጋችሁ ጭረቱ ዘይት ሲቀባ ጎልቶ ይወጣል፣ ያኔ ደግሞ መመለስ ነው። ከ220 በላይ መሄድ ለዓይን እንጂ ለሥራ አይጠቅምም፣ ቢላው በማግስቱ ያፈርሰዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልላት ነገር። 220 ላይ ስትደርሱ መክተፊያው በመዳፍ ሲዳሰስ ፍጹም ልስልስ ነው። «አለቀ» ትላላችሁ። እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበትና እስኪደርቅ ተዉት። ተመልሳችሁ ጣታችሁን ስታሳልፉ ይይዛችኋል። ያ ሁሉ ልስላሴ የት ሄደ? ብርጭቆ ወረቀቱ ሲያልፍ የተጫናቸው፣ የተኙ ጥቃቅን የእንጨት ክሮች ውሃ ሲያገኙ አብጠው ተነስተው ነው። በጎን መብራት አድርጋችሁ ብታዩት ጸጉር አብቅሏል። ይህ በመጀመሪያው እጥበት መምጣቱ ስለማይቀር አሁኑኑ እንዲመጣ አድርጎ መጨረስ ይሻላል። በዚያው 220 ቀለል አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ የቆመውን ብቻ ቁረጡ። ድገሙት። ከዚያ በኋላ ሲታጠብ የሚነሳው እጅግ ጥቂት ነው።

ዘይቱን ሞቅ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ይቀጥናል፣ በቀላሉ ይሰርጋል። ላዩን፣ ታቹን፣ ጎኖቹን፣ ከሁሉም በላይ ጫፎቹን። ጫፎቹን ስትቀቡ ታያላችሁ፣ እየቀባችሁ እያለ ይደርቃል፤ ድገሙት፣ አሁንም ይጠጣል። የቱቦዎቹ አፍ ወደ ላይ እንዲሆን ብዙ ቁርጥራጭ እንጨት ተያይዞ የተሠራ መክተፊያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ። ላዩ ላይ አፍስሳችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ገልብጡት። በታችኛው ፊት ላይ እዚህም እዚያም የጠቆሩ ትናንሽ ነጥቦች ብቅ ብለዋል። ዘይቱ አልፎ መጥቶ ነው። ያን ያየ ሰው ውሃም በዚያው መንገድ እንደሚሄድ ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። አንድ ሌሊት አሳድራችሁ የተረፈውን ጥረጉ፤ የተረፈ ዘይት አቧራ ከመሳብ በቀር ጥቅም የለውም።

የንብ ሰም ከወደዳችሁ 1 እጅ ሰም ለ4 እጅ ማዕድን ዘይት በክብደት መዝናችሁ አቅልጡ። ሰሙ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሚቀልጥ እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ የለበትም፤ ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጡና በዚያ ይቅለጥ። ሲበርድ ለስላሳ ቅባት ይሆናል። ያ ውድ ቆርቆሮ ማለት እሱ ነው እንግዲህ። ውሃ ላዩ ላይ እንዲንከባለል ያደርጋል፣ እጅ ላይም ደስ ይላል። ዘይት ያልጠገበ እንጨት ላይ ብቻውን መቀባቱ ግን ትርጉም የለውም፤ ዘይቱ መጀመሪያ፣ ሰሙ በላዩ።

በየስንት ጊዜው? አናጢዎች ዘንድ የቆየ አባባል አለ፤ በቀን አንዴ ለሳምንት፣ በሳምንት አንዴ ለወር፣ በወር አንዴ ለዓመት፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ዕድሜ ልክ። ለጆሮ ያምራል። እኔ ግን የቀን መቁጠሪያ አልይዝም። ደረቅ መክተፊያ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አደርጋለሁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ደህና ነው። ከተዘረጋና ሥሩ ያለው እንጨት ከጠቆረ ጊዜው ደርሷል። አንዱ ቤት በየሳምንቱ ይደርሳል፣ ሌላው ቤት ወራት ይቆያል፤ በአጠቃቀሙም፣ በአየሩም፣ በእንጨቱም ነው።

ስለ እንጨቱ ካነሳን አይቀር፣ ቀዳዳው የጠበቀና መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይመረጣል። ሜፕልና ቢች በየአገሩ ለመክተፊያ የሚወደሱት በዚህ ነው። ቲክ በራሱ ቅባት ስላለው ውሃ ይቋቋማል፣ ግን በውስጡ ያለው ሲሊካ ቢላ ያደንዛል። ቀርከሃም ሲሊካ አለው፤ ደግሞም ሣር እንጂ እንጨት አይደለም፣ ብዙ ቀጫጭን ስንጣሪ በኮላ ተያይዞ ነው ሰሌዳ የሚሆነው። ርካሽነቱ አይካድም፣ እኔ ግን ቢላዬን ስለምወደው አልፈዋለሁ።

ለተጣመመውም ተስፋ አለ። የጎደጎደውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ እርጥብ ፎጣ ላይ አስተኙት። የተኮማተረው ፊት እርጥበት አግኝቶ ሲያብጥ ሰሌዳው እየተቃና ይመጣል። እየገለጣችሁ ተከታተሉት፣ ተረስቶ ካደረ በሌላ በኩል ይጣመማል። ሲቃና አቁማችሁ በቀስታ አድርቁት። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ወጪ የለውም።

ስንጥቅ ሌላ ነው። በኮላ መስመሩ ላይ ከተላቀቀ ማጽዳት፣ ውሃ የሚቋቋም ኮላ ማስገባትና በማጥበቂያ አስሮ ማሳደር ይቻላል፤ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ግን ኮላው አይይዝም፣ መስመሩን በመጋዝ አንስቶ ከአዲስ እንጨት ጋር ማገናኘት ይጠይቃል። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀና የቢላ ጫፍ የሚገባበት ከሆነ ቆሻሻ ይይዛል፣ ጨርቅ አይደርስበትም። ያን በኮላና በመጋዝ ብናኝ ሞልቶ ማለፍ አልወድም፤ ሲያብጥ ሲኮማተር ተመልሶ ይከፈታል። ከስንጥቁ ወዲህ ያለውን ደህናውን ክፍል ቆርጬ አስቀራለሁ። ለነጭ ሽንኩርትና ለሎሚ የምትበቃ ትንሽ መክተፊያ ትወጣለች። አዲስ የተቆረጠው ጫፍ ጥሬ እንጨት ስለሆነ እዚያ ላይ አትሰስቱ፤ መጠጣት እስኪያቆም ድረስ ቀቡት።